የማመንጫው ቤት ተረኛ

ሐምሌ 8
ዝናብ። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። መኪናዋ ሁለቴ ጭቃ ውስጥ ገባች፤ ሁለቴም ወርጄ ገፋሁ። ፖሊ ቴክኒክ የተማርሁት ለዚህ ኖሯል።

የኃይል ማመንጫው ሥራ ያው ነው። አቶ ሣህሉ የፈረቃው ኃላፊ፣ እኔ ረዳታቸው። ከመለኪያ ጌጆቹ ፊት ያቆሙኝና «ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ለልምምድ ነው» ይሉኛል። ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይሄ ልምምድ መቼ ይሆን የሚያልቀው?

ሐምሌ 15
ማሽኖቹ ሰላም ዋሉ። አቶ ሣህሉ የድሮውን አወጉኝ። ጣቢያው በጃንሆይ ጊዜ ሲሠራ ድንጋይ ተሸካሚ ነበሩ። ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በቦይ ጠለፉት፤ ከዚያ ውሃው በወፍራም ቱቦ ወደ ገደሉ ሥር ይወረወርና ተርባይኖቹን ያሽከረክራል። ውሃው መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ የገባ ዕለት የመንደሩ ሴቶች ዓባይ ሊደርቅ ነው ብለው በየእንስራው ቀድተው አስቀመጡ አሉ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን... ሻያቸውን ሲፈልጉ ጠረጴዛውን ዳበሱ። ብርጭቆው እኮ ፊታቸው ነበር።

ሐምሌ 16
አያዩም። የዓይን ሞራ ነው። ሳስበው ዋልሁ፤ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ማሽኑን የሚያውቁት በጆሯቸውና በመዳፋቸው ነው። ለማን ልንገር? ብናገር ከሥራ ያስወጧቸዋል። ዝም ብዬ... ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ሐምሌ 28
እማዬ ባሕር ዳር፣ ከኛ መብራት የሚወስደው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ዛሬም ለአሥር ደቂቃ ጠፋ። መብረቅ ነው ብላት «ለመብረቁ ማን ነገረው?» አለችኝ። በሚመጣው ሳምንት ፋብሪካውን የሚጎበኙ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ያን ዕለት እንዳታሳፍሪኝ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ነሐሴ 6


ጎርፉ ሣርና ደንገል ጠራርጎ አምጥቶ የቦዩን የብረት ወንፊት ደፈነው። አቶ ሣህሉ ከኔ ቀድመው አወቁ። መዳፋቸውን ማሽኑ ላይ አድርገው ውሃው ሳስቷል፣ ሂጂ እይ አሉኝ። ሮጥሁ። ከወንፊቱ ወዲህ ያለው ውሃ ክንድ ሙሉ ወርዷል። ከዚህም ትንሽ ከወረደ ቱቦው አየር ይስባል፤ ማሽኑም እየተንቀጠቀጠ ራሱን ይሰብራል። ልናቆም ነው ለማለት ወደ ፋብሪካው ደወልሁ። ስልኩን ያነሳው ሰው እንግዶቹ ሽመና ክፍል ናቸው፣ አንድ ደቂቃም እንዳይቆም ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አቶ ሣህሉን አየኋቸው።

«የምታይው አንቺ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ወስኚ።»

ለካ ማወቄን ያውቃሉ።

አቆምሁ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እዚያ ቤት ውስጥ እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ማጭድና ገመድ ይዘው ደረሱልን። ሣሩን ጎትተው እስኪያወጡ ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ነሐሴ 7
እማዬን ፈርቼ ነበር። አልተቆጣችም። ማሽኑ ሲቆም እንግዶቹ የሚያዩት አጥተው ከሠራተኛው ጋር ተቀምጠው አወሩ አሉ። በሥራ ሰዓት አረፍ ስትል ከስንት ጊዜዋ ነው...

ነሐሴ 11
ስብሰባ። ሂስና ግለ ሂስ። ሰብሳቢው ጓድ ክንዱ «ያለ ትእዛዝ ኃይል ያቋረጠች ረዳት» ብለው ጀመሩና ሰገነት ብለው ስሜን ጠሩ። ልነሳ ስል አቶ ሣህሉ ቀደሙኝ።

«ዓይኔ ከደከመ ዓመት አልፎታል። ቁጥሩን የምታነብልኝ እሷ ናት። ያን ቀን ባታቆም ኖሮ ዛሬ ማሽን የሚባል አልነበረንም።»

ጓድ ክንዱ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። የኔ ጉዳይ እዚያው ቀረ። የሳቸው ግን... ከነገ ጀምሮ ማሽን ቤት እንዳይገቡ ተወሰነ። እኔን ለማዳን ብለው። ሲወጡ ትከሻዬን ያዙ፤ ደረጃውን አብረን ወረድን።

ነሐሴ 12
ጮክ ብዬ አነበብሁ። የሚሰማኝ የለም።

መስከረም 20
አቶ ሣህሉ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። ሆስፒታሉ እንዲቀበላቸው ደብዳቤ የጻፉላቸው ጓድ ክንዱ ናቸው። የሰው ነገር አይታወቅም። እኔም ለኃላፊነቱ ተፈተንሁ።

ኅዳር 3
አልፌአለሁ። ዛሬ ፈረቃው የኔ ነበር።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። አቶ ሣህሉ። አዲስ ኮት፣ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር። ያለ ተረኛ ፈቃድ እንግዳ አይገባም፤ ደንቡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ተረኛዋ ትፈቅድልኝ እንደሆነ አሉ።

ይግቡ አልኋቸው።

ገቡና ማሽኖቹን ትተው እኔን አዩኝ። አዩኝ፣ አዩኝ...

«አንቺ ነሽ? በድምፅሽ እኮ የአርባ ዓመት ሴት ነበር የምትመስይኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ወንበርና ሻይ ሰጠኋቸው። ሦስተኛውን ማሽን ማስነሳት ነበረብኝና ይቅርታ ጠይቄ ሄድሁ። እንደ ድሮው መዳፋቸውን ማሽኑ ላይ ሊያደርጉ ተነሥተው ይከተሉኛል ብዬ ነበር። አልተነሡም። እግራቸውን ዘርግተው ሻያቸውን ጠጡ።