ጀርባዋ ላይ ልጅ ነበረ

ለእናቴ ለመርየማ፣

እማዬ፣ ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንቺን ግን ልጠይቅሽ አልችልምና የራሴን ልንገርሽ። ተናድጃለሁ። ጠዋት ስነሳ ተናድጄ ነው፤ ጎባ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስይዝም ተናድጄ ነው። ጎረቤቶች ሐዘን ብቻ ይመስላቸውና «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይሉኛል። አሚን እላለሁ። ሐዘኑ አለ፣ አልክድም፤ ንዴቱ ግን ይበልጣል። የንዴቱም ትልቁ ድርሻ በራሴ ላይ ነው። በሕይወት ሳለሽ ያልነገርኩሽን ዛሬ ልጽፍልሽ ነው።

የቤታችንን ነገር ላስቀድም። ቤታችን የለም። ባለፍሽ በወሩ ወደ አዲሱ መንደር ተዛወሩ ተባልን፤ ጣሪያውን አፍርሰን፣ ምሰሶውን ነቅለን፣ በአህያና በትከሻ አመጣነው። ቤቶቹ እንደ ሰልፈኛ በመስመር ቆመዋል። እህትሽ ከድጃ የራሷን በር ከጎረቤት በር ለመለየት ብዙ ቀን ፈጀባት። ሸክላ የምታቃጥዪበት ሜዳ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ገብስ ተዘርቷል። ጭቃ የምታወጡበት ጉድጓድ ከአዲሱ መንደር በጣም ስለራቀ ከድጃም ሥራውን ትታለች። አሁን በቤተሰባችን ሸክላ የሚሠራ ሰው የለም።

አሁን ከመሬት ስለወጣችው የሸክላ ሴት ምስል ላንሳ።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች በአጋርፋ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ ቁፋሮ ሲጀምሩ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሴቶቹን አፈር እንዲነፉ መደበ፤ አንቺም አንዷ ነበርሽ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመምህርነት ሥልጠና እየጠበቅሁ ስለነበር አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። የቡድኑ አለቃ አቶ ጌታሁን የሚባል ሰው ኦሮምኛ አይችልም፤ ያንቺም አማርኛ ከገበያ አያልፍም ነበር። በሁለታችሁ መካከል የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ መሆንሽን አልነገርኩትም። ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል በኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። እኔ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ እንደተሰደብኩበት ግን አታውቂም፤ ነግሬሽ አላውቅም።

እሷ የወጣች ቀን ሥራው ሁሉ ቆመ። ቁመቷ ስንዝር አይሞላም። ራሷ ትንሽ፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ ጡቶቿ የወረዱ፣ ከወገቧ ወደ ፊት ዘንበል ያለች። አቶ ጌታሁን ድንኳኑ ውስጥ ጨርቅ ላይ አስተኝቷት በማጉያ መነጽር ሲያያት ቆየና ለረዳቱ ያስረዳ ጀመር። የመራባት አምላክ ናት አለ፤ ዳሌዋ የወሊድ፣ ማዘንበሏ የስግደት ምልክት ነው፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሻካራ ቦታ ደግሞ አፈር የበላው ነው። ረዳቱ እየጻፈ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንዱ ቆፋሪ በምልክት አንቺን ጠቆመው፤ እኔም ሳልወድ «ሸክላ ታውቃለች ነው የሚለው» አልኩት። አስጠራሽ።

እጅሽን በቀሚስሽ ጠርገሽ ገባሽ። አንቺ እንደሱ አላየሻትም፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ በአውራ ጣትሽ ዳሰስሻት። ከሆዷ ጀምረሽ ወደ ጀርባዋ ዞርሽ፤ ሻካራው ቦታ ላይ ስትደርሺ ጣትሽ ቆመ። ዓይንሽን ገልጠሽ ወደ ብርሃን አዞርሻት።

«ኢልሞ ባቴ ቱርቴ» አልሽ። ልጅ አዝላ ነበር።

ከዚያ ተረጋግተሽ አስረዳሽኝ። ይህ አፈር የበላው አይደለም፤ በጥፍር የተጫረ ነው። የእንስራ ጆሮ ከመለጠፉ በፊት፣ ጭቃ ከጭቃ እንዲያያዝ እንዲህ ይጫራል። የሠሪዋ የጥፍር መስመር ይኸው፣ እይው፤ ጠባብ ነው፣ የሴት ጥፍር ነው። ያዘነበለችውም እየሰገደች አይደለም፣ ከብዷት ነው። ልጁ ተላቆ ወድቋል፤ ከተነፋው አፈር ውስጥ ይሆናል፤ ይፈልጉት በያቸው፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ ብለሽ በኦሮምኛ ስትጠሪኝ እንኳ እሱ እንዳይገባው ጸለይኩ።

አቶ ጌታሁን ወደኔ ዞረ። «ምን አለች?»

«በጥሩ እጅ የተሠራች ናት አለች» አልኩት።

ይኸው ነው እማዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደበቅሁሽ ይህ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አቶ ጌታሁን አማርኛዬን አድንቆ ለማሠልጠኛው ጥሩ ቃል እጽፍልሻለሁ ብሎኝ ነበር። የተማረው ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ሸክላ ሠሪዋ ተሳስተሃል አለችህ ማለት ከበደኝ። ከሸክላ ሠሪዋም ጋር ራሴን ማቆም ከበደኝ። እሱም ቢሆን አልምረውም። አንቺ ያን ሁሉ ስትናገሪ እያየ፣ ጣትሽ የት እንደቆመ እያየ፣ እኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስመልስለት «ይኼን ብቻ?» አላለም። ሳቅ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለኝ። ያንን በትክክል ተረጎምኩልሽ።

ስንወጣ «ነገርሽው?» አልሽኝ።

«ነገርኩት።»

አመንሽኝ። በየቀኑ ወንፊት ይዘሽ ስትሠሪ፣ መቼ ነው ያንን የአፈር ክምር የሚፈትሹት እያልሽ ትጠብቂያቸው ነበር። እነሱ ግን ሳጥናቸውን አሽገው ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ሰምተው ችላ ያሉሽ መሰለሽ። «ልጁን ጥለውት ሄዱ» ብለሽ እራት ላይ ተናገርሽ፤ እኔ ምግቤን አላመጥኩ።

ከዚያ የራስሽን የገብስ ወንፊት ይዘሽ ብቻሽን ወደ ኮረብታው ወጣሽ። ሦስት ቀን ባዶ እጅሽን ተመለስሽ። በአራተኛው ቀን አገኘሽው፤ ትንሽ ጣት የሚያክል፣ ራስና ገላ ብቻ ያለው የሸክላ ልጅ፤ ሆዱ ላይ የጥፍር ጭረት ያለበት። እንዲህ ስትስቂ ከአባቴ ሞት በኋላ አይቼሽ አላውቅም። ደብቂው አልኩሽ። «ለምን? የእናቱ ነው» አልሽኝ፤ ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ ብለሽ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ወስደሽ ሰጠሽ።

ሊቀመንበሩ ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ቆፍረሻል አለሽ። አንቺም ለባለሙያዎቹ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፣ ልጄ ምስክር ናት አልሽ። የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ዘጋብሽ። የበልግ ዝናብ ነበር፤ የሲሚንቶው ወለል ውሃ ያስገባ ነበር። እኔ ልለምነው ስሄድ ሊቀመንበሩ አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጠኝ። «አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ። ነግራቸዋለች ወይስ አልነገረችም?» አለኝ። ነግራቸዋለች፣ እኔ ነኝ ያላደረስኩት ብዬ አንዲት ቃል ብናገር ያን ቀን ትወጪ ነበር። ለሥልጠናው የሚያስፈልገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ያልተፈረመ።

«አላስታውስም» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ለምነው አስወጡሽ። ስትወጪ ያስልሽ ነበር፤ ሳሉም ከዚያ በኋላ አልለቀቀሽም። ጎባ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ወሰድኩሽ፤ ሳንባሽ ተጎድቷል አሉን። አንድም ቀን አልወቀስሽኝም፤ የምትወቅሺበትን አታውቂውማ። ይልቅ እኔ መምህር ሆኜ ስመደብ ለጎረቤት ሁሉ ቆሎ ያደልሽ አንቺ ነሽ። ይህ ነው ዛሬ ድረስ ጥርሴን የሚያስነክሰኝ። ብታውቂና ብትረግሚኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ጎባ አዳራሽ ውስጥ የባህል ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ተማሪዎቼን ይዤ ሄድኩ። እዚያ ነበረች፤ በፎቶግራፍ። ከሥሯ «የመራባት አምላክ፣ በስግደት ላይ» ይላል። ክፍሉን አቋርጬ ሌላኛው ግድግዳ ጋ ስደርስ ደግሞ ልጁን አገኘሁት፤ እሱም በፎቶግራፍ፤ ሊቀመንበሩ ለካ ወደ አዲስ አበባ ልኮት ኖሯል። «ምንነቱ ያልታወቀ፣ ምናልባት የእንስሳ ምስል» ተብሎ ተጽፎበታል። አንቺ ሳንባሽን የከፈልሽበትን ልጅ እንስሳ ብለው ከእናቱ ትይዩ ሰቅለውታል። አስጎብኚው ስለ አምላኳ ማብራራት ሲጀምር «አይደለችም» አልኩ። «ልጅ ያዘለች ሴት ናት። ልጇ ያውና። ይህንን ያወቀችው እናቴ ናት፤ ሸክላ ሠሪ ነበረች።» ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ሳቁ። እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸውና ስለ ጥፍሩ ጭረት አስረዳኋቸው፤ አንቺ እንዳስረዳሽኝ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

በማግስቱ ለአቶ ጌታሁን ጻፍኩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ ያልሽውን ሁሉ ከስንት ጊዜ በኋላ ተረጎምኩት፤ ግልባጩን ለሊቀመንበሩ ላክሁ። ሊቀመንበሩ አስጠርቶ «የሞተን ነገር ለምን ትቆሰቁሺያለሽ? ሥራሽን አትወጂውም?» አለኝ። «የሞተችው ነገር አይደለችም፣ መርየማ ናት» ብዬው ወጣሁ። እስካሁን ያደረገኝ ነገር የለም፤ ቢያደርገኝም ዘግይቷል።

አቶ ጌታሁን መልስ ሰጠ። ሁለቱን ከመጋዘን አውጥቶ አጋጠማቸው፤ ጭረት ከጭረት ልክ ገጠመ ይላል። ተደስቷል፤ ጽሑፉን ያስተካክላል። ሐሳቡ የመጣው «ከአንዲት የአካባቢው ሴት» እንደሆነም ይጠቅሳል። አንዲት የአካባቢው ሴት። ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩት፣ ከዚያ አንስቼ አቃናሁትና ስምሽን ከነአባትሽ ስም በትልልቅ ፊደል ጽፌ መልሼ ላክሁለት። መልስ አልመጣም። ካልመጣ ሦስተኛ እልካለሁ፣ አራተኛም።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገብቼ የግል ማኅደሬን አስወጣሁ። የእናት ሥራ በሚለው ቦታ በገዛ እጄ «የቤት እመቤት» ብዬ ሞልቼ ነበር። ሰርዤ «ሸክላ ሠሪ» ብዬ ጻፍኩና ጎኑ ላይ ፈረምኩ።

ጸሐፊዋ አየችውና «አሁን ይኼ ምን ይጠቅምሻል?» አለችኝ።

«ስህተት ነበር» አልኳት።

እማዬ፣ ይቅር በይኝ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ልትመልሺልኝ የማትችዪውን መጠየቅ ሌላ ማታለል ይሆንብኛል። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ አንቺ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ፣ ባለሥልጣን ይሁን ተማሪ፣ ከእንግዲህ ያልሽውን ሙሉውን ይሰማል፤ ከመካከሉ አንዲት ቃል አልዘልም።

ልጅሽ ዘሃራ
ጎባ