ለትእምቲ ክፍል የሚዘረጋ መስመር

ሰኞ፣ ጥር 4

ጠዋት ኢምባካሲ ሄጄ የምናሠራውን አዲሱን ቤት አየሁ። ልስኑ ደረጃው ጋ ደርሷል። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋልን ከሊድ፣ «ጋሼ፣ የኢንተርኔቱ ሽቦ ሁሉ የት ይሰብሰብ? ግድግዳው ሳይዘጋ ይንገሩኝ» አለኝ። ደረጃው ሥር፣ አልኩት። ከትእምቲ የሥራ ክፍል አጠገብ ነው... ለእሷ ቅርብ ይሁን ብዬ።

ኪሌሌሽዋ፣ አሁን ያለንበት ቤት ስመለስ ባለቤቴን ትእምቲን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በኢንተርኔት እያስተረጎመች ሳለ ዋይፋዩ ጠፍቶባት። ሐኪሙ ለአንዲት ታማሚ የምርመራ ውጤቷን ሊነግራት ሲል። ሴትየዋ ከትግርኛ ሌላ አታውቅም። ትእምቲ ተመልሳ እስክትገባ ሌላ አስተርጓሚ ተመድቧል። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፤ የሰው ሚስጥር ነው።

እስከ መጋቢት የሚያስተማምን መስመር ካላገኘች የምታስተረጉምለት ድርጅት ውሏን አያድስላትም።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ያኤል ከሥራ መጥታ የቤቱን ፕላን ዘረጋች። ልጄ ኤርፖርት ጭነት ክፍል የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። በእርሳስ ቆጠረች። ለእናቷ ክፍል ሁለት፣ ለሁለቱ መኝታ ቤቶች አንድ አንድ፣ ለቴሌቪዥኑ አንድ፣ ጣሪያ ላይ ለሚሰቀሉት የዋይፋይ ማሰራጫዎች ሁለት፣ ለበሩ ካሜራ አንድ፣ ከውጭ ለሚገባው አንድ። ዘጠኝ።

«ባባ፣ መስመሩን የሚያከፋፍለው ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች አይበቃንም። ባለ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ይሁን። እንዳይጮህ፣ ማቀዝቀዣ ፋን የሌለው።»

«እኔ አዲስ አበባ ስልክ ማዕከል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሥር ሺህ መስመር ነበር» አልኳት።

ፕላኑን ጠቀለለች። ምን ልትል ኖሯል?

ቅዳሜ፣ ጥር 9

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሉቱሊ ጎዳና ሄድኩ። ብቻዬን። ከተዘጋ ቢሮ የወጣ፣ ባለ ሃያ አራት ቀዳዳ ስዊች አገኘሁ። ብረት ነው፣ ከባድ። እንዲህ ዓይነት ዕቃ በእጄ ከያዝኩ ስንት ዓመት... ሻጩ ሰካው፣ መብራቶቹ ሁሉ በሩ። በዚያ የሙዚቃና የመኪና ጥሩምባ መሃል ሌላ ምን ይሰማል? ገዛሁት።

ጥር 11

ጥምቀት። የስዊቹን ሳጥን ለትእምቲ አሳየኋት። «አልከበደም?» አለች ብቻ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አዲሱ ቤት ገባን። ዕቃው ገና አልተፈታም። ከሊድ ደረጃው ሥር ስዊቹን ሰቀለ፣ እኔ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ፋኑ ጮኸ። መቼም ዝም ይላል ብለን ጠበቅን። አላለም።

ትእምቲ ከክፍሏ ወጣች። «ውጭ ነፋስ አለ?»

ጆሮዋ ስለደከመ የምታደርገው ማዳመጫ የሰውን ድምፅና የፋን ድምፅ አይለይም፤ ሁለቱንም ያጎላል። አወለቀችው፣ መልሳ አደረገችው።

«ትሠሪያለሽ በዚህ?» አልኳት።

«እለምደዋለሁ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። እለምደዋለሁ የምትለው የማትችለውን ነው። ያኤል አየችኝና ካርቶን መፍታት ጀመረች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ድምፁ እንዳይወጣ ደረጃው ሥር ያለውን በር በስፖንጅ ደፈንኩት። ከሰዓት ስከፍተው የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከሊድ ስፖንጁን ነቅሎ ጣለው። «ጋሼ፣ ቤቱን ሊያቃጥሉት ነው እንዴ?»

ለእሷ ነበር የገዛሁት? ወይስ ለራሴ?

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ያኤል ዛሬ ሥራ የላትም። ቁርስ ላይ፣ «የምታውቂው አንቺ ነሽ። አብረሽኝ ሂጂ» አልኳት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ሁለት ቀን ፈጀችብኝ።

ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። «ባባ፣ ያኔ ስትገዛው ለምን አልጠራኸኝም?» አለች።

«እዚህ አገር ስንመጣ የስልክ ሰው መሆኔን የሚያውቅ አልነበረም። መለዋወጫ ሻጭ ሆንኩ። አንቺም በዚያ ነው የምታውቂኝ።»

ሳጥኑን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ጩኸቱስ? አልሰማኸውም?»

«ማዕከሉ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። ዝም ያለ ማሽን የሚሠራ አይመስለኝም።»

ሳቀች። እኔም።

ሻጩ ገንዘብ አልመልስም አለ፤ ገዢ ከተገኘ ብሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠልን። ያኤል ባለ አሥራ ስድስት ቀዳዳውን አስሰክታ ጆሮዋን ለጠፈችበት። «ና ስማ» አለችኝ። ሰማሁ። ምንም የለም። ለካሜራውና ለማሰራጫዎቹ ኤሌክትሪኩን በዚያው ሽቦ ይልካል፤ ለብቻ የመብራት መስመር አያሻም። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ትንሽ ባትሪም ጨመረች። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ያኤል የሽቦዎቹን ጫፍ ገጠመች። በእያንዳንዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ክሮች፣ በየቀለማቸው። እኔ የእጅ ባትሪ አበራሁላት። አንዱን አበላሽታ ቆርጣ ጣለችው፣ እንደገና ጀመረች። እንዴት እንደሚያዝ ላሳያት እጄ ተነሣ... መለስኩት። ሁለተኛው ያዘላት።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ትእምቲ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሏ ሥራ ገባች። ድምፅ እንዳይሰማኝ ግቢ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከሊድ የበሩን መብራት ሊያስተካክል መጥቶ ደረጃው ሥር አየና፣ «ይህን ማን ገጠመው? ንጹሕ ሥራ ነው» አለ። ልጄ ናት፣ አልኩት።

አራት ሰዓት አካባቢ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ብድግ አልኩ። ወደ መስኮቷ ጠጋ አልኩ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እጇም... አልቆመችም። ባትሪው ይዞታል። ተመልሼ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

አምስት ሰዓት አልፎ ወጣች። ማዳመጫዋን አውልቃ መዳፏ ውስጥ ይዛዋለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ተቆረጠ?»

«አልተቆረጠም።» አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ሐኪሙ ሲነግራት እስከ መጨረሻው አብሬያት ነበርኩ።»

ሌላ አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም። ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች።