ቆጣሪዋ የጠፋች ቀን

ለእማዬ፤

ይህ ደብዳቤ ግድግዳ ሳትደገፊ ደረጃ የምትወጪ ሆነሽ ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እህቴ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንደምትሰጥሽ ነግራኛለች፤ አንቺ ግን «ዋጥኩት» እያልሽ ትራስ ሥር እንደምትከቺው ስለማውቅ ብዙም አላመንኳት። እኔ ደህና ነኝ። ከውጭ አገር ከተመለስኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው።

በስልክ ጉዞው እንዴት ነበር ስትዪኝ ጥሩ ነው ብዬ ያለፍኩሽ፣ ነገሩ በስልክ የሚወራ ስላልሆነብኝ ነው።

እንደምታውቂው አሥራ አራት ተማሪዎች ይዘን ለሳይንስ ውድድር ነበር የሄድነው። ልጆቹ ከአሮጌ ብስክሌት የሠሩትን የውሃ መሳቢያ ይዘዋል። ቋንቋውን የሚችለውም፣ ጉዞውን የሚመራውም የፊዚክስ መምህሩ ነበር፤ እኔ የጂኦግራፊው ለማሟያ የተጨመርኩ ነኝ። ምን ዋጋ አለው፣ አውሮፕላን ላይ የበላው ምግብ ሆዱን አገላብጦት ከሆቴል አልጋ ጋር ተጣብቆ ቀረ። መሳቢያው ጉምሩክ ተያዘ። ሾፌሩ ስሙ ወደሚመሳሰል ሌላ ሆቴል ወስዶን፣ ሻንጣውን ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ካወጣን በኋላ መልሰን አወረድን። ካርታ የማስተምረው ሰውዬ ከቁርስ ወደ ክፍሌ ስመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ጠፋኝ፤ ልጆቹ እንዳላየ ሆነው አለፉልኝ።

ከመካከላቸው አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች። ነገር የማይረሳት ስለሆነች፣ መኪና ውስጥ በገባን ቁጥር ጓደኞቿን እንድትቆጥር አደረግኳት፤ «ቆጣሪዋ» ተባለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ውድድሩ አዳራሽ ልንሄድ ስንል፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የምንለው ልጅ ቆጠረና መምህር፣ አሥራ ሦስት ነን አለኝ። ራስህን ረስተህ ነው አልኩት። ሁሉም ሳቁበት፤ መኪናው ተነሣ። ዛሬ ለምን ቆጣሪዋ አልቆጠረችም ብዬ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

አዳራሹ በር ላይ ስንወርድ ነው ቆጣሪዋ እንደሌለች የገባኝ። አብራት የምታድረው ልጅ እያለቀሰች አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ አባቷ ጋ ነው የሄደችው አለች። ሰውዬው ልጅቷ አራት ዓመቷ ሳለ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረ ነው። የፊዚክስ መምህሩን በስልክ ለምኜ ከአልጋው አስነሣሁትና፣ እሱ ሲደርስ ልጆቹን ትቼለት ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ ለእናቷ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ነበር።

አድራሻው ያለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ፣ አንድ በር ፊት ለፊት፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። አልተቆጣኋትም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንኳኩታ ነበር ለካ። ሰውዬው እጁ የሳሙና አረፋ እንደሆነ ከፈተላት፤ ከውስጥ አንድ ሕፃን አባዬ እያለ ይጣራል። አላወቃትም። በዚያው አገር ቋንቋ፣ በትሕትና፣ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም ለጉዞው ካጠናናቸው ቃላት መርጣ፣ ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው አለችው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር አለችኝ።

አብረን እናንኳኳ ብላት እምቢ አለች። ከዚያ፣ የእርስዎ አባት አሉ? ብላ ጠየቀችኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞተ አልኳት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደምለው።

የት ነው የተቀበሩት? አለችኝ።

እማዬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አንቺን ጠይቄሽ አላውቅም፤ የእሱ ነገር በተነሣ ቁጥር የያዝሽውን ትተሽ ወደ ጓዳ ስትገቢ እያየሁ ነው ያደግኩት። አላውቅም አልኳት። ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝ። እኔስ በሩን አውቀዋለሁ አለችና፣ ቀሚሷን አራግፋ ተነሥታ አንኳኳች።

እኔ ታች ወርጄ ጠበቅኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው አብረው ወረዱ። ቦርሳዋን የያዘው እሱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም። ታክሲ ውስጥ ብቻ፣ ስሜን አልረሳም አለችኝ።

ስንደርስ ውድድሩ አልቋል። መሳቢያው በመጨረሻው ሰዓት ከጉምሩክ ወጥቶ የዳኞቹን ጫማ አርሶ ኖሯል፤ ሽልማት የለም። አገር ቤት እንደገባን እናቷ ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን ሳልደብቅ ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከስቷል? ብቻ አለችኝ።

ትምህርት እንደተዘጋ እመጣለሁ። ለመምጣቴ ምንም አትድከሚ። መቃብር ካለው፣ መቃብሩ ጋ አብረን ብንሄድ ብዬ ነው። የምትነግሪኝ ምንም ይሁን ምን አልቀየምሽም፤ ማን እንዳሳደገኝ አውቃለሁ። ሩቅ ነው ካልሽም ግድ የለም፤ ፓስፖርቴ ገና አራት ዓመት ያገለግላል።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ እስክመጣ በደህና ያቆይሽ።

ብቻሽን ያሳደግሽው
ልጅሽ