«መዘግየት፦ ዜሮ» ያለው ሰርቨርና ገና ያልተወለደችው ልጄ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ማዕከል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከእኛ የሕክምና መዝገብ በተሻለ ሁኔታ ተጠብቆ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከሆስፒታልዎ በር ፊት ለፊት ሰዓት የምጠግን፣ ሃያ ቀን የሞላት ሴት ልጅ አባት ነኝ፤ አባትነቴ ግን እርስዎ ዘንድ ገና አልደረሰም። ባለፈው ሰኞ ዋናው ሰርቨር ሲቃጠል፣ የዋናውን መዝገብ እግር በእግር እየተከተለ እንዲገለብጥ የተቀመጠው ተጠባባቂ ሰርቨር ሥራውን ተረከበ። የሚያውቀው ግን ከሃያ ሦስት ቀን በፊት የነበረውን ወሬ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

አንደኛ፦ ልጄ ልቧ ላይ ቀዳዳ ስላለ፣ በሦስት ወር አንዴ ብቅ የሚሉት ስፔሻሊስት የፊታችን ሐሙስ ሊያዩዋት ቀጠሮ ነበራት። ቀጠሮዋ ከነስሟ ጠፋ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ስክሪናቸውን በጥሞና ተመልክተው፣ ባለቤትዎ ገና አልወለዱም፣ ሲወልዱ ይምጡ ብለው በትሕትና ሲያሰናብቱኝ፣ ያልተወለደችው ልጄ ክንዴ ላይ ሆና ጆሮ እስኪበጥስ ትጮኽ ነበር። ማሽን እያለ ልጅን ማን ያምናል!

ሁለተኛ፦ ስለ አረንጓዴው የመቆጣጠሪያ ስክሪንዎ ምስጋናዬን ሳላቀርብ አላልፍም። ቴክኒሻንዎ አንገቱን ደፍቶ እንዳስረዳኝ፣ ማዕከልዎ ተጠባባቂውን በየደቂቃው የሚጠይቀው፣ የደረሰህን ሁሉ መዝግበሃል ወይ እያለ ነው። እሱም አዎን ጌታዬ፣ አንድም አልቀረኝ ይላል፤ ስክሪኑም «መዘግየት፦ ዜሮ» ብሎ ይጽፋል። ምስኪኑ አልዋሸም፤ ከዋናው ጋር የሚያገናኘው መስመር ከተበጠሰ ወዲህ ምን ደርሶት! ሥራ ሳይሰጡት ሥራዬን ጨረስኩ የሚል ሠራተኛ በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎት።

በሙያዬ ደፍሬ ልናገርና፣ የቆመ ሰዓት ሲመጣልኝ ዘግይተሃል ወይ ብዬ እሱኑ አልጠይቅም፤ ከሚሠራ ሰዓት አጠገብ አስቀምጬ ልዩነቱን አያለሁ። ዋናው የት ደረሰ፣ ተጠባባቂውስ የት ደረሰ ብሎ ማስተያየት ለትልቅ ማዕከል የሚከብድ ሆኖ ከታየዎ፣ ሱቄ ክፍት ነው፣ ጎራ ይበሉ።

ሦስተኛውን አቤቱታ ልተወው፤ ሐሙስ ሳይደርስ ልጄን የማስገባበት በር መፈለግ አለብኝ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ሰዓት ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታልዎ ተደውሎ፣ የባለቤቴ የመውለጃ ቀን ማለፉ እንዳሳሰባችሁና በአስቸኳይ እንድትመጣ ተነግሮናል። እኛ ታዛዦች ነንና ሐሙስ በጠዋት ልጃችንን አቅፈን ማዋለጃ ክፍል እንገባለን። አዋላጇ አዲስ ተወላጅ ብለው መዝግበው በቀጥታ ወደ ልብ ሐኪሙ እንዲልኩልን ይዘዙልን። ለዕለቱ ተወላጅ ክብደቷ በዛ ካሏት ደግሞ፣ የዘገየችው እሷ እንዳልሆነች እርስዎ ይመስክሩላት።