የላይኛው ቤት ከበሮ

ሰኞ

ዛሬም ጣሪያዬ ዝም ብሏል። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ከበሮ እየተናደድኩ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ስደበድብ ኖሬ፣ አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ዝምታው ሆነ።

ከላዬ የሚኖሩት ዋልተርና ዶና ናቸው። ነበሩ ልበል? ዶና ባለፈው ሳምንት አረፈች። ሂፒዎች ናቸው፣ ያውም ከጥንቶቹ። እሱ ሽበቱን ጎንጉኖ ጀርባው ላይ ይጥለዋል። በወጣትነቱ ጦርነት አልሄድም ብሎ ከአሜሪካ ሸሽቶ ወደዚህ አገር የመጣ ሰው ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር ሳይከደሊክ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ አንዱ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ እኔ ወጥ ሠርቼ እጨርሳለሁ።

የዚህ ሕንፃ ሰው ልቅሶ ሲደርስ ካርድ በበሩ ሥር አስገብቶ ይሄዳል። የዶናን ሬሳ አቃጠሉት። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለ። አላስቻለኝም። ከሥራ እንደገባሁ ንፍሮ ቀቅዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ላይ ወጣሁ።

"እስከ ስንት ሰዓት ልትቀመጪ ነው?" አለኝ ዋልተር።

"እስኪበቃ" አልኩት።

ንፍሮውን በላ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ እንቅልፍ ወሰደው። እሱ እንደተኛ በሩ ተንኳኳ። ግሌን የሚባለው ጓደኛቸውና ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ቀለሙ የተደበላለቀ ካናቴራ ለብሰው፣ ጊታር ተሸክመው ቆመዋል። ሊዘፍኑ! በሩን በትከሻዬ ይዤ፣ "ሐዘን ቤት ነው፣ ሙዚቃ የለም" አልኳቸው። "ሶሪ፣ ሶሪ" እያሉ ተመለሱ።

ዛሬ ሁለት ነገር ተሳካልኝ። ሰውየው እህል ቀመሰ፣ ቤቱም ከውርደት ዳነ።

ማክሰኞ

ልጄ ሳባ ከኖርዝ ዮርክ ደወለች። "እማ፣ ሰው ቤት ሄደሽ ዝም ብለሽ ሲት አታደርጊም እኮ! ኢትስ ዊርድ፣ ግራ ያጋባል።" "ዊርድስ ሰው ሞቶበት ብቻውን መተው ነው" አልኳት። ተኳርፈን ሳይሆን፣ ሚቲንግ ስላላት ዘጋችው።

ያለ ቅቤ የተሠራ ሽሮ ይዤ ወጣሁ። እኔ ፍልሰታን ይዣለሁ፣ ዋልተር ደግሞ ሥጋ ከተወ ዘመን አልፎታል። ሳይጾም ጾመኛ ነው።

ዛሬ አወራ። ከዶና ጋር የተገናኙት ዮርክቪል ነው፤ አሁን የሀብታም ቦርሳ የሚሸጥበት ያ ሰፈር ያኔ የነሱ ነበር። ባዶ እግራቸውን መንገዱ ላይ ተቀምጠው ጊታር ይመቱ ነበር አለኝ። እኔ ዶና ዘፋኝ ትመስለኝ ነበር። ሥራዋ ለካ ብርሃን ነው። ድሮ አስተማሪዎች ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የሚያበሩበት ማሽን ላይ ዝርግ የመስታወት ሳህን ታስቀምጣለች። ውሃ፣ ዘይትና ቀለም ትጨምርበታለች። ሙዚቃው ሲጀመር ሳህኑን ታወዛውዛለች፣ ግድግዳው በሙሉ ቀለም ሆኖ ይንቀሳቀሳል። "እኔ ከበሮ የምመታው እጇን እያየሁ ነበር" አለ።

ቅዳሜ በሐይቁ ዳር፣ በየነሐሴው የሚያደርጉት የሙዚቃ ቀናቸው ነው። ትሄዳለህ ወይ ስለው አልሄድም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ከእኛ አንዱ ሲሞት የቀረነው ጊታር ይዘን ሟቹ ቤት እንሄዳለን። ልማዳችን ነው። የእኔን በር ግን ያንኳኳ የለም፤ ረስተውኛል።"

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ

ከበሮዎቹን ሊሰጥ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ደውሎ ዓርብ መጥተው እንዲወስዱ ተስማምቷል። ከበሮዎቹን፣ የዶናን ማሽን፣ ኮቶቿን፣ ሁሉንም። "ከእንግዲህ ለማን እመታለሁ?" አለኝ። የትናንቱን ሽሮ አልነካውም። ሰው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሟቹን የሚከተለው። አይቻለሁ።

እኔ የማውቀው ሕግ፣ ሰው ሲሞት ሬዲዮ ይዘጋል፣ ዓመት ሙሉ ዘፈን አይሰማም። እሱን ሕግ ይዤ ነው በሩን የዘጋሁት። ዛሬ ግን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ወሎ ሄደ፣ ወደ አባቴ ልቅሶ። እናቴ እንባ እምቢ ብሏት እንደ ድንጋይ ተቀምጣ ነበር። አክስቴ ተዋበች መጥታ ሙሾ አወረደች፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ዱም፣ ዱም። እናቴ ያን ጊዜ ነው አልቅሳ የወጣላት።

እነዚያ ሽማግሌዎች ለካ ልቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። ከበር የመለስኳቸው እኔ፣ የልቅሶ አዋቂዋ! በራሴ አፈርኩ። አብሬው ልቀመጥ ሄጄ ብቻውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ ለመቀመጥ ድፍረት አጣሁ።

"መጥተው ነበር?" አለ። ደግሞ፣ "ጊታር ይዘው?"

"ይዘው።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። "ሲንዲ፣ እባክሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ" አለኝ። ስንዱ ማለት አልሆንለት ብሎት ሁሌም ሲንዲ ነው የሚለኝ፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ግን ብሎኝ አያውቅም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈው የግሌን የአድራሻ ካርድ ስልኩን ገልብጫለሁ። ቤቴ ገብቼ ደወልኩ። "ሰኞ የመለስኳችሁ ሴትዮ ነኝ" ስለው፣ "ዋልተር አልፈልጋችሁም ያለን መስሎን ነበር እኮ" አለኝ። "እሱ ተኝቶ ነበር። እኔ ነኝ። ነገ ዕቃ የሚወስደው መኪና ሳይመጣ ድረሱለት" አልኩት።

ዓርብ

አመመኝ ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ውሸትም አይደለም።

ረፋድ ላይ ጣሪያዬ በእግር ኮቴ ተሞላ። ጆሮዬን ወደ ላይ ቀስሬ ስጠብቅ ጊታርም የለ፣ ከበሮም የለ፣ ንግግር ብቻ። ከዚያ መኪናው መጣ። በመስኮት አየሁ። ኮት ወረደ፣ ወንበር ወረደ፣ በካርቶን የታጨቀ መጽሐፍ ወረደ። መኪናው በሩን ዘግቶ ሄደ። ከበሮ አላየሁም፣ ማሽኑንም አላየሁም። እልል እንዳልል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ወደ ላይ ግን የጠራኝ የለም።

ቅዳሜ

ግሌን ቴክስት ልኮልኝ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ሣሩ ላይ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሕፃን ያዘሉ ወጣቶች፣ አበባ ፀጉራቸው ላይ የሰኩ አሮጊቶች። የማላውቀው ሰው ሁሉ ፈገግ ይልልኛል፣ አንዷ የተቆረጠ ሐብሐብ ሰጠችኝ። እነዚህን ሰዎች ስንት ጊዜ በሆዴ ሰድቤአቸዋለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ እነ ግሌን ድንኳን ሥር መጫወት ጀመሩ። ከኋላቸው ነጭ አንሶላ ተሰቅሏል፣ የዶናም ማሽን በርቷል፤ ሳህኑ ግን ባዶ ነው፣ የሚነካው የለም። ዋልተር ከበሮውን በጉልበቱ ይዟል። እጁ ከበሮው ላይ አርፏል፣ አይንቀሳቀስም። ጊታሩ እያለቀሰ ይጠብቀዋል። እሱ ባዶውን አንሶላ ያያል።

ማንም ነይ አላለኝም፣ እግሬ ነው የወሰደኝ። አጠገቡ ከተደረደረው አንስቼ ሳህኑ ላይ ውሃ አፈሰስኩ፣ ዘይቱን ጨመርኩ፣ ቀዩን ቀለም ጠብ አደረግሁበት። ከዚያ ምስር ሰፌድ ላይ እንደማበጥር ወዘወዝኩት። አንሶላው ሕይወት ዘራ። ሰዉ "ኦ!" አለ። እኔ ግን ዶናን ነው ያየሁት፣ በሕንፃችን ደረጃ ላይ አጎንብሳ ዘንቢሌን ስትቀበለኝ። አፌ ራሱ አወጣው፣

ውሃውን ከዘይቱ አስማምታ የኖረች፣
መብራቱን አጥፍታ ምነው በዚያ ቀረች።

ደግሜ አልኩት። በአንድ እጄ ሳህኑን ይዤ በሌላው ደረቴን መታሁ። ዱም፣ ዱም። ቃሉን የሰማ አንድ ሰው የለም፣ ደረቴን ግን ሰሙት። ዋልተር ዞሮ አየኝ። እጁ ተነሣ፣ በእኔ ምት ገባ። ሲመታ ሲመታ እንባው በጺሙ ላይ ወረደ፤ እጁ ግን አላቆመም። አለቀሰ፣ ተመስገን።

ዘፈኑ ረጅም ነበር። ዛሬ አልረዘመብኝም። ሲያበቃ ጓደኞቹ ከበቡት፣ እኔም ሳልሰናበተው በስትሪትካር ባቡር ወደ ቤቴ መጣሁ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ገብቼ ጋደም እንዳልኩ ጣሪያዬ ጀመረ። ዱም፣ ዱም። ብዙም ሳይቆይ የሕንፃው ኃላፊ ደወለ። ጎረቤት ስለ ከበሮው ኮምፕሌይን አድርጓል፣ አንቺም እንደ ልማድሽ አቤቱታ ትጨምሪ እንደሆነ ብዬ ነው አለኝ።

"ሐዘን ቤት ነው" አልኩት።

"እና?"

"እናማ ይመታል።"

ስልኩን ዘግቼ መጥረጊያውን አነሣሁ። በእንጨቱ ኮርኒሱን ሁለቴ፣ ቀስ ብዬ ነካሁት። ከበሮው ቀጥ አለ። ልቤም አብሮ ቀጥ አለ፣ ምነው እጄን በቆረጠው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ መለሰልኝ፣ እሱም ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ።

ይቅር ብሎኝ ይሁን አላውቅም። ማታ ሽሮ ይዤ እወጣለሁ።