ጥንቸሏ ያሳደገቻት ልጅ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18፣ ሰቆጣ

ደክሞኛል። ከጤና ጣቢያው ተረኛነት ወጥቼ አልጋዬን እያሰብኩ ቤት ስደርስ፣ እናቴ ከሰሃላ መጥታ ጠበቀችኝ። አጨዳው ሲያልቅላት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የመጣችው ልጄን ማህሌትን ልታይ ነው።

እናቴ ከኽምጣንጋ ሌላ ቋንቋ አትሰማም። ማህሌት ደግሞ አፏን የፈታችው በቴሌቪዥን አማርኛ ነው። የልጆች ፕሮግራም ላይ ያለችው ጥንቸል ናት ያሳደገቻት ብል ይሻላል። አነጋገሯ፣ አሳሳቋ፣ እጇን ወገቧ ላይ ማድረጓ ሳይቀር የጥንቸሏ ነው።

አያቷ በጠራቻት ቁጥር ወደ እኔ ዞራ «እማ፣ ምን አለች?» ትላለች። ስተረጉም ዋልኩ። ማታ ሲታክተኝ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩላቸው።

ጥንቸሏ እንደ ልማዷ «ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?» ብላ ጠበቀች። ማህሌት ብድግ ብላ «ደህና ነን!» አለቻት።

እናቴ አንዴ ልጅቱን አንዴ ቴሌቪዥኑን አየች። ከዚያ በኽምጣንጋ «ይቺን ትሰማታለች» አለችኝ። «እስቲ ጥንቸሏን ንገሪያት፤ ‹አያትሽ ጋ ሂጂ› ትበልልኝ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልሳቀችም።

ማህሌት «እማ፣ ምን አለች?» አለች።

እሱን አልተረጎምኩላትም።