መምህር ቢሆነኝ ቀለመ ወርቅ እና አሥራ አራቱ የኮከብ ደብተሮች

መምህር ቢሆነኝ ቀለመ ወርቅ ከአባታቸው ከመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ተክለ ሃይማኖትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ንጋቱ በጋይንት፣ በቤተ ልሔም አካባቢ ግንቦት 12 ቀን 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የድጓ መምህር ስለነበሩ ልጄ ወንበሬን ይተካል ብለው ንባብና ዜማ አስጀመሯቸው። ቢሆነኝ ግን ከዜማው ይልቅ ባሕረ ሐሳቡን ወደዱ፤ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያወጡ አባታቸው ደስም ይላቸው፣ ያዝኑም ነበር።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በነፋስ መውጫ ተከታትለው፣ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው በ1982 ዓ.ም. ወገዳ ተመደቡ። እዚያው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ አስካለ ንጉሴ ጋር ተዋውቀው ጥር 1988 ዓ.ም. በተክሊል ተጋቡ፤ ሳሮንንና ጌትነትንም አፈሩ። በ1991 ዓ.ም. ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተዛውረው እስከታመሙበት ቀን ድረስ አስተማሩ። ቁጡ ነበሩ። ተማሪ የመለኪያውን አሃድ ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ ካስቀመጠ ዜሮ ይሰጡ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ዜሮዋን ታውቋታላችሁ።

በክረምት መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሲማሩ አንድ ነገር ልባቸውን ገዛው። ሁለት ከዋክብት እርስ በርስ ይዞራሉ። አንዱ ሞቶ የተጨመቀ፣ ለዓይን የማይታይ ነው፤ ሌላው ትልቅና ብሩህ ነው። የሞተው የጓደኛውን አካል ወደ ራሱ ይስባል፤ የተሳበውም ሲወርድ ግሎ ሐኪም ቤት አጥንት የሚታይበትን ዓይነት ኤክስሬይ ያወጣል። ኤክስሬዩን አየር ስለሚያግደው ሳተላይት ብቻ ነው የሚያየው። ከምድር ላይ ላለ ሰው የሚቀረው ብሩሁን ጓደኛውን መጠበቅ ነው፤ ብርሃኑ በስድስት ቀን ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። መምህር ቢሆነኝ ይህን ዙር አጥርተው ለክተው፣ ከዓመት ዓመት እያጠረ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፈለጉ። ከዚህ ሌላ ከዓለም የፈለጉት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ጡረታ የወጡ መምህራቸው አንድ ቴሌስኮፕና አንድ የብርሃን መለኪያ ሰጧቸው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ አመሹ፣ አነጉ። እሳቸው ቁጥሩን ይጠራሉ፤ ወይዘሮ አስካለ ጋቢ ተከናንበው ሰዓቱንና ቁጥሩን ይጽፋሉ። በየገጹ ራስጌ ላይ የዕለቱን ቀን የሚያሰፍሩትም ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። አሥራ አራት ደብተር ሞላ። ሰማዩ ከጠራ መምህር ቢሆነኝ ለሠርግም ለማኅበርም አይገኙም ነበር፤ የቀሩበት ሰው ሁሉ ዛሬ እዚህ ስላለ ይህን መደበቅ አይቻልም። ይህን የምትጽፈው እህታቸው አዜብም በልጇ ክርስትና ጠብቃቸው ቀርተውባታል።

ውጤታቸውን ለውጭ አገር መጽሔት ሦስት ጊዜ ላኩ፤ ሦስት ጊዜም ተመለሰባቸው። መልሱ አንድ ነበር፤ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ አይታመኑም። መጀመሪያ መለኪያውን ጠረጠሩ፤ ፈታተው ገጠሙት። ቀጥሎ የከተማውን መብራት፣ ነፋሱን፣ በመጨረሻም ኮከቡን ራሱን ጠረጠሩ። ከሦስተኛው በኋላ ቴሌስኮፑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ቆጥ ላይ ሰቀሉት፤ ስለ ሰማይ የሚያነሳባቸውን ሰውም አይወዱም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ብርድ የጠጣ ሰው በሁለት መስመር ደብዳቤ መመለሱ ቤተሰቡን እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመማቸው ጸናባቸውና በአምቡላንስ ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። የደረሱት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ ኅዳር 12 ብላ ስትመዘግብ ወይዘሮ አስካለ፣ «አሥራ አንድ ነው እንጂ የኔ ልጅ፤ ገና መች ነጋና» አሏት። ልጅቱም፣ «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ከስድስት ሰዓት በኋላ ራሱ ይለውጠዋል» ብላ መለሰችላቸው። መምህር ቢሆነኝ ከቃሬዛው ላይ ቀና አሉ።

«አስካል፣ ደብተሩ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ቀኑን ትለውጪ ነበር?»

«ሳይነጋ? ምን ብዬ?»

ነገሩ ይኸው ነበር። ፈረንጅ ቀን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው። መምህር ቢሆነኝ የራስጌውን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልሱ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረ። ከስድስት ቀን ዙር አንድ ቀን ሲጎድል ምን ሊተርፍ ነው። ቀን በመቁጠር ያደጉት ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላዩም፤ ከመጽሔቱ ሰዎችም በእናንተ አገር ቀን የሚለወጠው መቼ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከአልጋቸው ሳይወርዱ ደብተሮቹን ያርሙ ጀመር። አምስቱን እንደጨረሱ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ነጠብጣብ አድርገው አስቀመጧቸው፤ ተበታትነው የነበሩት በአንድ መስመር ላይ ተሰለፉ። ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ ይህን ወረቀት ሳያይ አልተመለሰም። ለአዜብም፣ «ለመጽሔቱ ስትጽፊልኝ ስህተቱ የኔ ነው በይ፤ የአስካለ ስም እንዳይነሳ» ብለው አዘዟት። ስድስተኛውን ለመግለጥ ጉልበት አላገኙም።

ረቡዕ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ልጆቻቸው ሳሮንና ጌትነት፣ እህታቸው አዜብ እንዲሁም ያስተማሯቸው ብዙ ልጆች በሐዘን ቀርተዋል።

ይህ ጽሑፍ ትናንት በድንኳኑ ሲነበብ የደብተሩን ቀን ማን ይጽፍ እንደነበር ተዘሎ፣ ያረፉበትም ቀን የካቲት 3 ተብሎ ነበር። ወይዘሮ አስካለ እስክሪብቶ ተቀብለው ሦስቱን ሰረዙና አራት ብለው ጻፉ። «የራስጌውን ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔን እንደሸፈነኝ አይቀበር። ይጻፍ» አሉ። እንዳሉትም ተጽፏል።

ከዋክብትን በየስማቸው የሚጠራ አምላክ የመምህር ቢሆነኝን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለሁላችን መጽናናትን፣ ለወይዘሮ አስካለም የቀሩትን ዘጠኝ ደብተሮች አርመው እስኪጨርሱ ዓይንና ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።